ካውከስ ምንድን ነው? የአዮዋ ወግ አጥባቂዎች ዕጩ የሚመዝኑበት ምሽት

በአሜሪካዋ አዮዋ ግዛት፣ በሪፐብሊካን ፓርቲ ካውከስ የድምፅ መስጫው ብዙ ጊዜ ባዶ ብጣሽ ወረቀት ነው። የዕጩ ስም አልታተመበትም፣ ፎቶም የለበትም። እስክሪብቶ አውጥታችሁ የመረጣችሁትን ሰው ስም በእጃችሁ ትጽፋላችሁ፣ ታጥፋላችሁ፣ ታስገባላችሁ። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ዓይናችሁ እያየ ይቆጠራል።

"ካውከስ" የሚለውን ቃል በዜና የሰማ ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ምርጫ ይመስለዋል። ነገሩ ስብሰባ ነው። ፓርቲው ሰዎቹን በየሠፈራቸው ጠርቶ "ለፕሬዚዳንትነት ማንን እናቅርብ?" የሚልበት የማታ ስብሰባ። እድር ጠቅላላ ጉባኤ ጠርቶ ዳኛውን ሲመርጥ ያየ ሰው ጠባዩ ቶሎ ይገባዋል። ሰው ይሰበሰባል፣ ስለተጠቆሙት ይወራል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ ቆጠራውም እዚያው ያልቃል።

በአብዛኛው ግዛት ያለው ግን ፕራይመሪ ወይም ቅድመ ምርጫ የሚባለው ነው። እሱን በአብዛኛው የሚያካሂደው የግዛቱ መንግሥት ነው። ጣቢያው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፣ ከሥራ በፊትም ሆነ በኋላ ጎራ ብሎ መርጦ መውጣት ይቻላል። ብዙ ቦታ በፖስታም ይላካል። ካውከስን የሚያዘጋጀው ፓርቲው ራሱ ነው። ሰዓቱ አንድ ነው። የቀረ ቀረ።

አንድ ነገር ልለይ። ዴሞክራቶች አዮዋ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሰዉን በየደገፈው ዕጩ ለይተው በየጥጉ እያቆሙ ነበር የሚቆጥሩት። በ2020 የውጤት መላኪያው አፕ ተበላሽቶ ውጤቱ ለቀናት ከተጓተተ በኋላ መንገዳቸውን ቀየሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የሪፐብሊካኖቹ እንደዚያ አይደለም። ድምፁ ሚስጥር ነው። እዚህ የምጽፈውም ስለ እነሱ ነው፣ ምክንያቱም ወግ አጥባቂ መራጭ ዕጩውን እንዴት እንደሚመዝን ከዚህ በተሻለ የሚታይበት ቦታ አላውቅም።

ጃንዋሪ 15 ቀን 2024ን እንውሰድ። ሰኞ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ደርሷል፣ መንገዱ በረዶ ነው። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት። ግዛቲቱ ከ1,600 በላይ የምርጫ ቀጠናዎች አሏት። ሰዉ በትምህርት ቤት ጂም፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በቤተ መጻሕፍት ካፖርቱን እንደደረበ ይገባል። ሪፐብሊካን ሆኖ ያልተመዘገበ እዚያው በር ላይ ይመዘገባል። እስከ ኖቬምበሩ ዋናው የፕሬዚዳንት ምርጫ 18 ዓመት የሚሞላው የ17 ዓመት ልጅም መግባት ይችላል።

መጀመሪያ ለባንዲራው ቃል ይገባል። ብዙ ቦታ ጸሎት ይደረጋል። ሰብሳቢ ይሰየማል። ከዚያ ከየዕጩው ወገን አንድ አንድ ሰው እየተነሳ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ያስረዳል። ለእኔ የካውከስ ነፍሱ ያለው እነዚህ ደቂቃዎች ላይ ነው። የሚናገረው የቴሌቪዥን ተንታኝ አይደለም። ትራክተር የሚጠግነው ጎረቤት ነው፣ የልጆቹ አስተማሪ ናት። ስሙን ገና ቤቱ ሳለ ወስኖ የመጣ ብዙ ነው። ግን እስክሪብቶውን ይዞ የሚያመነታም አለ። ተናጋሪው ዓይኑን የሚጥለው በእሱ ላይ ነው።

ይህ ሰው ምኑን ነው የሚያመነታው?

ብዙ ጊዜ በሁለት ጥያቄ መሃል ነው የቆመው። አንደኛው "ይሄ ሰው እንደኔ ያምናል?" ነው። ሁለተኛው "ያዋጣል ወይ?" ነው። በአዮዋ የሪፐብሊካን ካውከስ ከሚመጣው ሰው ከግማሽ በላይ ራሱን ወንጌላዊ ክርስቲያን ብሎ የሚጠራ ነው። በ2016 መራጮች ሲገቡ ተጠይቀው 64 በመቶው እንደዚያ ብለዋል። ለእነዚህ ሰዎች ፅንስ ማቋረጥና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሹመት ከሁሉም በላይ የሚከብድ ጉዳይ ነው። ግን ልብ የወደደው ዕጩ በኖቬምበር ከተሸነፈ ዳኛ የሚሾመው ሌላው ወገን ነው። ጭንቁ እዚህ ላይ ነው።

ዊሊያም ባክሊ የተባለው የወግ አጥባቂዎች ታዋቂ ጸሐፊ በ1967 ለዚህ አንድ መለኪያ ሰጥቶ ነበር። ማሸነፍ ከሚችሉት መካከል ይበልጥ ወግ አጥባቂውን ምረጡ የሚል ነው። እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ "ማሸነፍ የሚችለው ማነው?" የሚለው ላይ ሁለት ጎረቤታሞች አይስማሙም። አንዱ ለመሃል ሰፋሪው መራጭ የሚጥም ለዘብተኛ ያዋጣል ይላል። ሌላው ለዘብተኛ ዕጩ የራሳችንን ሰው ቤቱ ያስቀረዋል ይላል። ሁለቱም እያሰቡ ነው። ከውጭ ሲያዩት ግን አንዱ ስሌተኛ፣ ሌላው ስሜተኛ ይመስላል። እኔ ይሄን አልቀበልም። ለእምነቱ የሚመርጠውም እያሰላ ነው።

ባለፉት ዓመታት ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ማየት ይቻላል። በ2008 ብዙ ገንዘብና ድርጅት የነበረው የማሳቹሴትሱ የቀድሞ ገዥ ሚት ሮምኒ ነበር። ያሸነፈው ግን የባፕቲስት ፓስተር የነበረው የአርካንሳው ማይክ ሃካቢ ነው፣ 34 ለ25 በመቶ። በ2012 ሮምኒ ተመልሶ መጣ። የፔንሲልቬኒያው የቀድሞ ሴናተር ሪክ ሳንቶረም ግን 99ኙንም የአዮዋ ካውንቲ፣ ማለትም ወረዳ፣ ዞረ። ይሄን ዙር በሴናተር ቸክ ግራስሊ ስም "ሙሉ ግራስሊ" ይሉታል፣ ሴናተሩ በየዓመቱ ሁሉንም ካውንቲ ስለሚጎበኝ። ሳንቶረም ገንዘብ አልነበረውም። በየትንሹ ከተማ ፒዛ ራንች የሚባለው ምግብ ቤት እየገባ ለጥቂት ሰው ያወራ ነበር።

በዚያ ምሽት ሮምኒ በ8 ድምፅ አሸነፈ ተባለ። ስምንት! ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ወረቀቱ ሲጣራ ሳንቶረም በ34 ድምፅ ይመራል። የስምንት ቀጠናዎች ውጤት ደግሞ ጭራሽ አልተገኘም። እስከዚያ ድረስ ሮምኒ ኒው ሃምፕሻየርን አሸንፎ፣ አሸናፊ ተብሎ ተጨብጭቦለት ነበር። እንግዲህ የብጣሽ ወረቀቱ ውበትም ሕመሙም ይሄ ነው። ሁሉ ሰው ሲቆጠር ያያል፤ ያ ቁጥር ወደ ዋናው ቢሮ ሲሄድ ግን የሚያደርሰው በፈቃደኝነት የሚያገለግል፣ የደከመው የሠፈር ሰው ነው።

በ2016 አዮዋ የበቆሎ አገር ሆና ሳለ፣ ከበቆሎ ለሚሠራው ነዳጅ ለኤታኖል የሚሰጠውን የመንግሥት ድጋፍ የተቃወመውን የቴክሳሱን ሴናተር ቴድ ክሩዝን መረጠች። የግዛቲቱ ገዥ እንዳይመረጥ በይፋ ተናግረው ነበር። አልተሰሙም። ክሩዝ 28 በመቶ ገደማ፣ ትራምፕ 24፣ የፍሎሪዳው ሴናተር ማርኮ ሩቢዮ 23 አገኙ።

እና ሃካቢም፣ ሳንቶረምም፣ ክሩዝም የፓርቲው ዕጩ አልሆኑም። ዕጩውን በይፋ ወደሚሰይመው የፓርቲው ጉባኤ በ2024 ከሄዱት 2,429 የሪፐብሊካን ተወካዮች አዮዋ የላከችው 40 ብቻ ነው። ዋናው ሥራዋ ማበጠር ነው። ማን ዕጩ እንደሚሆን ከመወሰኗ በፊት ማን እንደማይሆን ትናገራለች፤ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኙት ብዙውን ጊዜ በዚያው ሳምንት ከውድድሩ ይወጣሉ።

በ2024 ደግሞ ሚዛኑ ሌላ ነገር አሳየ። የአዮዋ ገዥ ኪም ሬይኖልድስ ከፍሎሪዳው ገዥ ከሮን ዲሳንቲስ ጎን ቆሙ። በ2008፣ በ2012ና በ2016 ያሸነፉትን የደገፈው የወንጌላውያን መሪ ቦብ ቫንደር ፕላትስም ዲሳንቲስን ደገፈ። ዲሳንቲስ 99ኙን ካውንቲ ዞረ። በወረቀት ላይ ሁሉ ነገር ተሟልቶለታል። ትራምፕ 51 በመቶ አገኘ። ዲሳንቲስ 21፣ የደቡብ ካሮላይና የቀድሞ ገዥ ኒኪ ሄሊ 19። በዚያ ምሽት ለብዙዎቹ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ ነበራቸው። "እንደኔ ያስባል" ያሉትን ሰው "ያዋጣል"ም አሉት። እንዲህ ሲሆን የገዥም የፓስተርም ድጋፍ ሚዛኑን አይደፋም። የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስ አሸናፊውን ያወጀው ስብሰባው በተጀመረ በግማሽ ሰዓት ነው። አንዳንድ ቦታ ሰዉ ገና ንግግር እየሰማ፣ ወረቀቱ ሳይታደል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የስብሰባው ሁለተኛ ክፍል አለ። ድምፅ ተሰጥቶ ሲያበቃ ሰዉ ካፖርቱን አንስቶ ይወጣል። የሚቆዩት ጥቂቶች ለካውንቲው ጉባኤ የሚሄዱ ተወካዮችን ይመርጣሉ። በ2012 ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነበረው የቴክሳሱ የምክር ቤት አባል የሮን ፖል ደጋፊዎች ቁጭ አሉ። ፖል በድምፅ ሦስተኛ ነበር። ያኔ ተወካዮቹ በምሽቱ ድምፅ አይታሰሩም ነበርና፣ ከጉባኤ ጉባኤ እየወጡ በመጨረሻ ከ28ቱ የአዮዋ ተወካዮች 22ቱ ለእሱ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተለወጠ። ዛሬ ተወካዮቹ በድምፁ ይታሰራሉ። ይሄን ታሪክ ስሰማ የሚታየኝ እድር ላይ "ሌላ ጉዳይ" ሲባል ሰዉ ሲነሳ፣ ሦስት ሰው ቀርቶ ደንቡን ሲቀይር ነው።

ካውከስን እወደዋለሁ። ጎረቤት ከጎረቤት ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲነጋገር ማየት ደስ ይላል። የሚከነክነኝ ግን በር ላይ የማይታዩት ሰዎች ናቸው። በ2024 የተገኘው 110,000 ገደማ ነው፣ የተመዘገበው ሪፐብሊካን ከ700,000 በላይ ሆኖ ሳለ። ብርዱ አንድ ነገር ነው። ሰዓቱ ደግሞ ሌላ። አዮዋ የቄራ ፋብሪካዎች ግዛት ናት። የማታ ፈረቃ ያለበት ሠራተኛ፣ ሆስፒታል የምታድር ነርስ፣ ልጅ የሚይዝላት ያጣች እናት፣ የቱንም ያህል ወግ አጥባቂ ቢሆኑ ሚዛኑ ላይ አይወጡም። ሌሊት የሠራ አበሻ ይሄ እንዲብራራለት አይፈልግም።

የኔቫዳው ነገር ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ ላስ ቬጋስ ስንት ወገናችን ታክሲ እየነዳ፣ ካሲኖ እየሠራ ይኖራል። በ2024 እዚያ ሁለቱም ነበሩ። ፌብሯሪ 6 መንግሥት ያካሄደው ፕራይመሪ፣ ፌብሯሪ 8 ፓርቲው የጠራው ካውከስ። ተወካይ የሚሰጠው ካውከሱ ብቻ ነው፣ በፕራይመሪው የገባ ዕጩ ደግሞ ካውከሱ ውስጥ መግባት አይችልም። ትራምፕ ካውከሱን መረጠና 26ቱንም ተወካይ ወሰደ። ሄሊ ፕራይመሪው ላይ ብቸኛዋ ትልቅ ስም ነበረች። ኔቫዳ ግን ወረቀቱ ላይ "ከእነዚህ ዕጩዎች አንዳቸውንም አልመርጥም" የሚል ምርጫ አላት። እሱ ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ አሸነፋት። ቀኑን ሙሉ ክፍት በነበረው ምርጫ ድምፁን የሰጠ የላስ ቬጋስ ሪፐብሊካን ለአንድም ተወካይ አልመረጠም። ሐሙስ ማታ ፈረቃ ላይ ከነበረ በቃ፣ በዚያ ዓመት ስለ ዕጩው የሚሰማው ቃል አልነበረውም።

ወደዚያ የብርድ ሰኞ ምሽት ልመለስ። ትራምፕ ከ99ኙ የአዮዋ ካውንቲዎች 98ቱን አሸንፏል። የቀረችው የዩኒቨርሲቲ ከተማዋ አዮዋ ሲቲ ያለችበት ጆንሰን ካውንቲ ናት። እዚያ ሄሊ በለጠችው። ልዩነቱ አንዲት በእጅ የተጻፈች ወረቀት ነበረች።