ቻጋ፦ የኪሊማንጃሮ ገበሬዎች ኑሮና ክርስትና

ቻጋ በሰሜን ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ተዳፋት ላይ የሚኖር፣ የባንቱ ቋንቋ የሚናገር አራሽ ሕዝብ ነው። አገሩ በምዕራብ ከማቻሜ ተነሥቶ በኪቦሾ፣ በአሮጌው ሞሺ፣ በኪሌማና በማራንጉ አልፎ እስከ ሮምቦ ይዘልቃል። ቋንቋው ከሸንተረር ሸንተረር ስለሚለያይ የማቻሜና የሮምቦ ሰው በየራሳቸው አነጋገር በቀላሉ አይግባቡም፤ መግባቢያቸው ስዋሂሊ ነው። ስለዚህ ሕዝብ በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው በሚሲዮን ዘመን መዛግብት ላይ ከተመሠረቱ የታሪክ ጥናቶች የተሰበሰበ ነው፤ ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቻጋ ኑሮ መሠረቱ ኪሃምባ የሚባለው የቤተሰብ ጓሮ እርሻ ነው። ከላይ ረጃጅም ዛፎች ጥላ ይሰጣሉ፣ ከሥራቸው ሙዝ፣ ከሙዙ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎደሬና አትክልት ይበቅላል፤ ከብቶቹ በረት ውስጥ ታስረው ይቀለባሉ፣ ፍጋቸውም ተመልሶ ለማሳው ማዳበሪያ ይሆናል። ከተራራው ጫካ የሚወርደው ውኃ ምፎንጎ በሚባሉ ቦዮች እየተመራ ወደ ማሳው ይደርሳል፤ ቦዮቹን የሚጠርገውና ውኃውን በተራ የሚያከፋፍለው ራሱ ማኅበረሰቡ ነው። ይህ የእርሻ ሥርዓት በ2011 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዘንድ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ካላቸው የግብርና ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል። ኪሃምባ ሙታንም የሚቀበሩበት በመሆኑ መሬቱን ለባዕድ መሸጥ እንደ ነውር ሲታይ ኖሯል። ከሙዝና ከዳጉሳ የሚጠመቀው ምቤጌ ከሠርግ፣ ከለቅሶና ከዕርቅ አይቀርም።

ከክርስትና በፊት ቻጋዎች ሩዋ ብለው የሚጠሩትን አምላክ ያውቁ ነበር፤ ቃሉ ፀሐይም ማለት ነው። የዕለት መሥዋዕት ግን የሚቀርበው ለአባቶች መናፍስት ነበር። ሩዋ ከመጽሐፍ ቅዱስ አምላክ ጋር አንድ ነው ወይስ አይደለም የሚለው በሊቃውንት ዘንድ ያከራከረ ቢሆንም፣ ምእመናኑ በራሳቸው ቋንቋ ሲጸልዩ በዚሁ ስም መጥራታቸው ብዙ ይናገራል።

ተራራውን ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ሚሲዮናዊው ዮሐንስ ሬብማን ሲሆን፣ በግንቦት 1848 በረዶውን አይቶ ሲጽፍ የለንደን ጂኦግራፊ አዋቂዎች አላመኑትም። የሬብማን የሥራ ባልደረባ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ወደ ሞምባሳ ከመሻገሩ በፊት በሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት የነበረ ሰው ነው። በ1885 የእንግሊዝ አንግሊካን ሚሲዮን በሞሺ ተተከለ፤ በ1892 ግን ለቀቀ። የካቶሊክ መንፈስ ቅዱስ አባቶች በ1891 ኪሌማ ገቡ፤ ኪቦሾና ሮምቦ እስከ ዛሬ በአብዛኛው ካቶሊክ ናቸው፤ የሞሺ ሀገረ ስብከትም በ1953 ተቋቋመ።

የሉተራኑ ታሪክ እጅግ በተሟላ ሁኔታ ተመዝግቧል። ከጀርመን የመጣው የላይፕዚግ ሚሲዮን በ1893 በማቻሜ ሥራ ጀመረ። ጅማሬው ከቅኝ ግዛት ኃይል የተለየ አልነበረም፤ በጥቅምት 1896 ኦቪርና ሴጌብሮክ የተባሉ ሁለት ወጣት ሚሲዮናውያን በአጎራባቹ በሜሩ ተራራ ተገደሉ፣ ለዚህም የጀርመን ጦር የቻጋ ተዋጊዎችን አስከትሎ ከባድ ቅጣት ፈጸመ። በመጋቢት 1900 ደግሞ የአሮጌው ሞሺ ገዥ ማንጊ ሜሊና ሌሎች መሪዎች በአሮጌው ሞሺ በስቅላት ተቀጡ። ወንጌሉ በዚህ ጥላ ሥር መጥቶ ሥር መስደዱ ትኩረት የሚገባው ነው።

ለዚህ ሥር መስደድ ስሙ አብሮ የሚነሣው የላይፕዚጉ ሚሲዮናዊ ብሩኖ ጉትማን በ1902 መጥቶ፣ በመካከል ቢቋረጥም፣ እስከ 1938 በአብዛኛው በአሮጌው ሞሺ አገለገለ። ጉትማን ሰውን ከዘመዱና ከጎረቤቱ ነጥሎ ክርስቲያን ማድረግ ማፍረስ ነው ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ጉባኤውን በዘር፣ በጉርብትናና በእኩያነት ላይ አዋቀረው። ለማጽኛ፣ ማለትም በሕፃንነት የተጠመቁ እምነታቸውን በራሳቸው አንደበት ለሚያጸኑበት ሥርዓት፣ የሚማሩ ወጣቶችን፣ ቀድሞ ጋሻ ለጋሻ ተያይዘው እንደሚቆሙት የጦር እኩዮች፣ በቡድን በቡድን እያጣመረ አንዱ ለሌላው ዕድሜ ልኩን እንዲጠየቅ ያደርግ ነበር። ተቺዎቹ የአሮጌውን ሥርዓት ከልክ በላይ አወድሷል፣ የተማረው ወጣት የሚፈልገውን ለውጥም አላየም ይላሉ፤ ትችቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም የቻጋን ሕግና ልማድ በጽሑፍ ያቆየ ትልቁ ባለውለታ እርሱ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩን የያዙት እንግሊዞች በ1920 ጀርመናውያኑን ሚሲዮናውያን ሲያስወጡ ቤተ ክርስቲያኒቱን ያቆዩአት የቻጋ መምህራን ናቸው። ከአሜሪካ የአውጉስታና ሉተራን ሚሲዮናውያን መጥተው ረዷቸው፣ የላይፕዚጎቹም በ1925 ተመለሱ፤ መምህራኑ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው ታዛዥ ብቻ ሆነው አልቀጠሉም።

በዚያው ዓመት ቡና አምራቾቹ ጆሴፍ ሜሪንዮን መሪ አድርገው ማኅበር መሠረቱ፤ አፍሪካዊ ቡና እንዳያለማ የሚሟገቱ ነጭ ሰፋሪዎች ስለነበሩ ይህ ቀላል እርምጃ አልነበረም። በ1933 ማኅበሩ ወደ ኪሊማንጃሮ ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተለወጠ። የቡናው ዘር ከሪዩንየን ደሴት በካቶሊክ አባቶች እጅ ኪሌማ እንደደረሰ ይነገራል፤ የአረቢካ መነሻው ኢትዮጵያ በመሆኗ ዘሩ በየመንና በሪዩንየን ዞሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሷል ማለት ነው።

በኅዳር 1955 የመላው አፍሪካ ሉተራን ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ በማራንጉ ተሰበሰበ፤ ሦስተኛው በ1965 በአዲስ አበባ ተካሄደ። በ1963 በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) የነበሩ ሰባት ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ተዋሕደው አንዲት ቤተ ክርስቲያን ሆኑ፤ የመጀመሪያው መሪዋም ከቻጋ የወጡት ጳጳስ ስቴፋኖ ሩበን ሞሺ ነበሩ። በዚሁ ዓመት በአዲስ አበባ የተከፈተው የወንጌል ድምፅ ራዲዮ ለምሥራቅ አፍሪካ የሚያሰማው የስዋሂሊ ዝግጅት የሚቀረጸው በሞሺ ከተማ ስቱዲዮ ነበር፤ ጣቢያው በ1977 በደርግ እስኪወረስ ድረስ የሁለቱ አገር ምእመናን በአንድ ሞገድ ተገናኝተዋል።

በዛሬው የተራራው ገጠር እሑድ ረጅም ቀን ነው። በሉተራኑ ጉባኤያት ከጀርመን ዘመን የቀረው የነሐስ ትንፋሽ መሣሪያ ጓድ መዝሙሩን ያጅባል። ገንዘብ ያላገኘ ምእመን ዶሮ፣ እንቁላል ወይም የሙዝ ዘለላ ይዞ ይመጣል፤ ከአምልኮ በኋላ በግቢው ጨረታ ይከፈታል፣ ገዥውም አንዳንዴ የገዛውን መልሶ ለጨረታ ስለሚሰጥ አንድ ዶሮ ደጋግሞ ይሸጣል። ሁለት ጎረቤቶች ቢጣሉ የበደለው ከኪሃምባው ዳር ማሳሌ የሚባለውን ተክል ቅጠል ቆርጦ ወደ ተበደለው ይሄዳል፤ ቅጠሉ ከቀረበለት በኋላ የተበደለው ይቅርታ መከልከል አይችልም። ልማዱ ከወንጌል በፊት የነበረ ነው፤ ምእመኑ ግን ከወንጌል ጋር የሚጋጭበት አይመስለውም።

መሬቱ ለወንድ ልጆች እየተከፋፈለ በመጥበቡና የቡና ዋጋ በመውደቁ ብዙ ወጣቶች ወደ ዳሬሰላምና አሩሻ ወርደዋል። በታኅሣሥ ወር ግን ከልደት በዓል አስቀድሞ ወደ ሞሺ የሚያመሩት አውቶቡሶች ጢም ብለው ይሞላሉ። ለበዓሉ ፍየል ይታረዳል፣ ልጆች በኪሃምባው ውስጥ ወዳለው የአያቶቻቸው መቃብር ይወሰዳሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ግማሹ ባዶ የነበረው ቤተ ክርስቲያንም ሰው በደጅ እስኪቆም ይሞላል።