«የማርያም መንገድ» የማን መንገድ ነው?

ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ተሰልፌ ሳለሁ፣ ከኋላዬ የነበረ ሰው ሰልፉን ትቶ ወደ በሩ ሄደና በዘበኛው ጆሮ የሆነ ነገር ሹክ አለ። የታጠፈች ነገር ከእጅ ወደ እጅ አለፈች። ሰውየው ሊገባ ሲል ወደ እኛ ዞሮ፣ «አትቀየሙኝ፤ የማርያም መንገድ ሰጥቶኝ ነው» አለ። ከሰልፉ ግማሹ ሳቀ። መቀደሜን ያኔውኑ ረሳሁት፤ አባባሉ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኔ ይህን ቃል የተማርኩት አጨዳ ላይ ነው። ያደግሁት በተጉለት ደጋ ነው። ገብሱ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ይዘው ማሳውን ከየዳሩ እያጠበቡ ወደ መሐል ይመጣሉ። እነሱ በቀረቡ ቁጥር በገብሱ ውስጥ የተጠለለው ሁሉ፣ አይጡም ድርጭቱም ጥንቸሉም፣ ባልታጨደችው ቁራሽ ውስጥ ይከማቻል። እኛ ልጆች የምንጠብቀው ያችን ሰዓት ነበር። ዱላ ይዘን ዙሪያውን እንቆማለን። ክንፍ ያለው በርሮ ያመልጣል፤ ጥንቸል ግን መሄጃ የላትም። ሥጋዋ በእኛ ዘንድ አይበላም፤ የምንፈልጋት እንዲያው ለመምታት ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ከአጫጆቹ አንጋፋ የነበሩት ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው ቀና አሉና፣ «እናንተ ልጆች! የማርያም መንገድ ተዉላት እንጂ!» ብለው ጮኹ። በቁልቁለቱ በኩል የቆምነው ሁለት ልጆች ቅር እያለን ፈቀቅ አልን። ጥንቸሏ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ በመሐላችን ሽው አለች። የእግሬን ጣት ነክታኝ ያለፈች ይመስለኛል፤ ምናልባት የነካኝ ነፋሷ ብቻ ይሆናል። ሽማግሌው እስክትሰወር አዩአትና ወደ ማጭዳቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ቃሉን በየቦታው እሰማው ጀመር። በጨዋታችን የተከበበ ልጅ «የማርያም መንገድ!» ብሎ ከጮኸ አይመታም፤ የመታው ይነወራል። ሽማግሌዎች ጥፋተኛውን አፋጥጠው መልስ ባሳጡት ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንዱ «ኧረ የማርያም መንገድ እንተውለት» ይላል፤ ሰውየው ሳይዋረድ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቀዳዳ ይበጅለታል። እንግዲህ መንገዱ የሚኖረው ክበቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ሰጪውም ዱላውን የያዘው፣ መምታት እየቻለ ፈቀቅ የሚለው ነው።

ግን ማርያም ለምን? ጊዮርጊስም ሚካኤልም እያሉ መንገዱ ለምን የእሷ ሆነ? አንዳንዱ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን መንገድ ያነሣል። ሌላው ምጥ የያዛትን ሴት ከብበው «ማርያም ማርያም» የሚሉትን እናቶች ያስባል፤ ሕፃኑ መንገድ ሲያገኝ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላልና። ይህ ሁለተኛው ደስ ይለኛል፤ ማርያምና ማረች በጆሮ ውስጥ እንዴት እንደሚጠራሩ ልብ በሉ።

የእኔ ግምት ግን ወደ አንድ ንጉሥ ይወስደኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። ጣሊያን የጥበብ ትንሣኤዋን በጀመረችበት ዘመን ነው፤ በ1441 ከኢየሩሳሌም የሄዱ የእኛ መነኮሳት በፍሎሬንስ ጉባኤ ተገኝተዋል፤ እዚህም ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የእመቤታችንን ሥዕል በሰሌዳ ላይ ይሥል ነበር። ንጉሡ በዓመት 33 የማርያም በዓላት እንዲከበሩ ደነገገ፤ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ሕዝቡ በግንባሩና በእጆቹ ላይ የሃይማኖት ቃል እንዲጽፍ አስገድዷል፤ ከቃሎቹ አንዱ የማርያም ባሪያ መሆንን የሚናገር ነው። አዋጁ ከንጉሡ ጋር አልሞተም። ዛሬም ወር በገባ በ21 ቀን ሞፈር የማያነሣ ገበሬ፣ ስሟን ሳይጠራ ከአልጋው የማይወርድ ሽማግሌ፣ የማን እጅ እንደነካው ባያውቅም ዘርዐ ያዕቆብ ደንግጎት የሄደውን ይኖራል።

እኚህ ንጉሥ ራሳቸው ግን የማርያም መንገድ አያውቁም ነበር። (አሁን «እሳቸው» ማለቴ የተጉለት ልጅ በመሆኔ ነው፤ የደብረ ምጥማቅን ገዳምም ደብረ ብርሃንንም በአካባቢያችን ተክለውልናል።) ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ባሉ ጊዜ ክበቡ ተዘጋባቸው። ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በድንጋይ ተወገሩ። ብዙም ሳይቆይ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ፈጣሪ ሥራዬን ወደደልኝ ብለው ደብረ ብርሃንን መሠረቱ። ብርሃኑ በ1456 የታየው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ።

በራሳቸውም ቤት እንዲሁ ነበሩ። ባለቤታቸው ጽዮን ሞገሳ በሴራ ተጠርጥራ ተገርፋ ሞተች። የእናቱን መታሰቢያ በዕጣንና በጧፍ ያደረገው ልጇ ሲደረስበት ተራው የእሱ ሊሆን ነበር። የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በመሐል ገቡና አማለዱ፤ ልጁ ተረፈ፤ በኋላም አልጋውን ወረሰ። ስሙ በእደ ማርያም ነው፤ በማርያም እጅ ማለት።

አባባሉ የተወለደው እዚህ ነው ባይ ነኝ። ስሟ በአዋጅ የዱላ ስም በሆነበት ዘመን፣ ዱላው የሚወርድበት ሕዝብ ያንኑ ስም ይዞ መውጫ ለመነበት። ንጉሡ በስሟ ከበበ፤ ገበሬው በስሟ በር ከፈተ። የጽሑፍ ማስረጃ የሚጠይቀኝ ካለ ምስክሬ ያቺ ጥንቸል ናት።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። ያንን ሰው ማን ከበበው? እኛ ሃያ ሰዎች በፀሐይ ቆመን ነበር፤ ዘበኛውም የራሱ ያልሆነውን ሸጠ። በቀደም ደግሞ አንድ የእግር ኳስ ዘጋቢ ተከላካዩ ተዘናግቶ አጥቂው ሲያልፍ «የማርያም መንገድ ሰጠው!» ሲል ሰማሁ። ያ ተከላካይ አልሰጠም፤ ተኝቶ ነበር። ቃል የጠፋን እንዳይመስላችሁ፤ አቋራጭ አለ፣ እጅ መንሻ አለ፣ መማለጃ አለ፣ ጉቦም አለ፣ ለተከላካዩም እንቅልፍ አለ። ከነዚህ መርጦ መናገር ለማንም አይከብድም፤ ማርያምን እንኳ ከዘበኛው ኪስ ብታወጧት።