ሰገራ ላይ የሚታይ ደም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ድርቀት ካለብኝና ደም ካየሁ ኪንታሮት ነው።» ብዙ ሰው ከምርመራ የሚቀረው በዚህ እምነት ነው። ኪንታሮት፣ ማለትም የፊንጢጣ ደም ሥሮች በማማጥ ብዛት ማበጥ፣ አንዱ ምክንያት ብቻ ነው። ሌላው ደረቅና ወፍራም ሰገራ ሲያልፍ የፊንጢጣ ጠርዝ መሰንጠቁ ነው። ስንጥቁ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ ሕመሙ ከመጸዳጃ ቤት ከተወጣ በኋላም ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ ሰገራውን ይይዛል፤ ትልቁ አንጀት ደግሞ ከተያዘው ሰገራ ውኃውን ይመጠዋል። በማግስቱ ይበልጥ ደርቆ ይወጣና ቁስሉን እንደገና ይከፍተዋል።

የውስጥ ኪንታሮት ግን ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ይደማል፤ ደማቅ ቀይ ደም ሶፍት ላይ ይታያል ወይም ከሰገራው በኋላ ይንጠባጠባል። የትልቁ አንጀት ካንሰርም ሳያሳምም ሊደማ ስለሚችል፣ «ካላመመኝ አያሰጋም» ማለት ራስን ማታለል ነው።

«ደም ከታየ አሜባ ነው።» በዚህ ግምት ሜትሮኒዳዞል ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጠው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል። የአሜባ ሕመም የተለመደ መልኩ ቁርጠት እና ደምና ንፍጥ የተቀላቀለበት ተቅማጥ ነው። ሰገራው ጠጥሮ ላዩን ብቻ ደም ለነካው ሰው መድኃኒቱ አፍ ከማምረርና ከማቅለሽለሽ በቀር ስንጥቁን አይደፍንለትም።

«ኪንታሮትን በርበሬ መብላት ወይም የጋለ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ያመጣዋል።» አያመጣውም። በርበሬ የቆሰለውን ቦታ ያቃጥል ይሆናል እንጂ መነሻው ማማጥ፣ ስልክ ይዞ መጸዳጃ ቤት ረጅም ጊዜ መቀመጥና እርግዝና ናቸው።

«በየቀኑ ካልተጸዳዳሁ ድርቀት ነው።» በቀን ከ3 ጊዜ እስከ በሳምንት 3 ጊዜ ጤናማ ነው። ዋናው ሰገራው መጠጠሩና ማስማጡ ነው።

«ጾመኛ አይደርቅበትም።» ምስሩ፣ ሽሮውና ጎመኑ አሰር (ሆድ የማይፈጨው የእህልና የአትክልት ክፍል) የሞላባቸው መሆኑ እውነት ነው። አሰር ግን ያለ ውኃ አይሠራም፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃ ያልቀመሰ ሰው ቢደርቅበት አይገርምም። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ውኃን ቀስ እያሉ ደጋግሞ መጠጣት ይጠቅማል። የእናቶቻችን ተልባም ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ተወቅጦ ከብዙ ውኃ ጋር ከተጠጣ። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ድርቀቱ ከዚያ የመጣ መሆን አለመሆኑን ይመርምር።

«ኪንታሮትን የባህል ሐኪም ነቅሎ ይጥለዋል።» እዚህ ላይ አጥብቄ እለምናለሁ፦ የሚያቃጥል ቅጠል ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ፈሳሽ ፊንጢጣችሁ ላይ አታስደርጉ። ቃጠሎው ሲድን ጠባሳው መውጫውን ያጠብበዋል፤ ጡንቻው ከተጎዳም ሰገራ መቆጣጠር ያቅታል። አዲስ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ሰገራው ከለሰለሰ በሳምንታት ውስጥ ይድናል፤ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ሕመሙን ያስታግሳል። ምግብና ውኃ ካልበቃ እንደ ላክቱሎስ ያለ ማለስለሻ ባለሙያ ያዝዛል። በዚህ የማይመለስ የውስጥ ኪንታሮት ደግሞ ሐኪም ሥሩን በትንሽ የላስቲክ ቀለበት አስሮ ደርቆ እንዲወድቅ ያደርገዋል።

«ጥቁር ሰገራ ከምግብ ነው።» የብረት እንክብልም ያጠቁራል። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን ከጨጓራ ወይም ከላይኛው አንጀት የፈሰሰ ደም ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ደሙ ብዙ ከሆነ ወይም ካዞራችሁም እንዲሁ። ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ደም፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ፣ የተለወጠ የሰገራ ልማድ ወይም በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር ካለ ምርመራው አይዘግይ።

«ለሐኪም ማሳየት ያሳፍራል።» የመጀመሪያው ምርመራ በጎን ተኝቶ፣ በጓንትና በማለስለሻ ቅባት የሚደረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሴቶች በሴት ባለሙያ መታየት ወይም አብሯቸው ሰው እንዲቆም መጠየቅ ይችላሉ። ስንጥቁ በጣም ካመመ ሐኪሙ በዓይን ብቻ አይቶ የውስጡን ምርመራ ለሌላ ቀን ሊያቆየው ይችላል።