ዘብ ንፍፊት ምንድን ነው?

ልጅ ሆነን እግራችን ቆስሎ ሲያመረቅዝ ብሽሽታችን ላይ የምታብጥ ነገር ነበረች። ንፍፊት እንላታለን። ቁስሉ ሲድን እሷም ቀስ ብላ ትሟሽሻለች። የተመታው እግር ሆኖ ሳለ ብሽሽት ለምን ያብጣል? ማንም አይነግረንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ሊምፍ የሚባል ውሃ መሰል ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ንፍፊቶች በእነዚህ መስመሮች ላይ የተቀመጡ ማጣሪያዎች ናቸው። ሁልጊዜም አሉ፤ እኛ የምናውቃቸው ሲያብጡ ብቻ ነው። ከእግርና ከውጭኛው ብልት የሚነሳው ሊምፍ ብሽሽት ላይ ያርፋል። ጀርም ከመጣ እዚያ ይያዛል። ካንሰርም ሲሰደድ ይህንኑ መንገድ ይይዛል። ሐኪሞች «የሊምፍ ዕጢ» ይሉታል፤ ግን አማርኛችን የካንሰሩንም እብጠት «ዕጢ» ስለሚል አንባቢ ይምታታል። እኔ ንፍፊት እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዘብ ንፍፊት ማለት ከካንሰሩ ዕጢ የሚነሳው ሊምፍ ከሁሉ በፊት የሚደርስበት ንፍፊት ነው። ፈረንጆቹ ሴንቲነል ኖድ ይሉታል። አንድ ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሦስትም ይሆናል። በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው፤ ካንሰሩ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ስለዚህ ዘቡ ንጹህ ከሆነ ከኋላው ያሉትም ንጹህ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ሐሳቡን ራሞን ካባናስ የተባለ ሐኪም በ1977 ለወንድ ብልት ካንሰር አቅርቦት ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኋላ ለቆዳና ለጡት ካንሰርም ዋለ። እኔን የሚገርመኝ ግን በሴቶች የውጭ ብልት ካንሰር ላይ የተሠራው ሥራ ነው።

ይህ ካንሰር ብዙ አይታይም፤ ስሙም በአደባባይ አይጠራም። የማይተው ማሳከክ፣ የማይድን ቁስል ወይም እብጠት ሆኖ ይጀምራል። ሴትየዋ ግን አፍራ ዝም ትላለች። ሕክምናው ቀዶ ጥገና ነው፤ ድሮ ታዲያ ዕጢው ብቻ ሳይሆን በሁለቱም ብሽሽት ያሉት ንፍፊቶች አብረው ይነሱ ነበር። በሽታው ገና በጅምር ላይ ሳለ ከተያዙ ሴቶች ካንሰሩ ንፍፊት የደረሰባቸው ከአራት ወይም ከሦስት አንዷ ገደማ ናት። የቀሩት በከንቱ ይቆረጡ ነበር ማለት ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም። የብሽሽቱ ቁስል ይከፈታል፣ ያመረቅዛል። የሊምፉ መንገድ ስለተቋረጠ እግር ያብጣል፤ መነሻው ይለይ እንጂ ዝሆኔ የያዘው እግር ያየ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ታዲያ ለምን አልተዉትም? ብሽሽት ላይ ተመልሶ የመጣ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ስለሚገድል ነው። ካንሰር የያዘች አንዲት ንፍፊት ሳያወጡ ማለፍ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ዘቡ የሚገኘው እንዲህ ነው። በዕጢው ዙሪያ ጥቂት ቴክኒቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ይወጋል፤ ሰማያዊ ቀለምም ይጨመራል። ሁለቱም ሊምፉን ተከትለው ይሄዳሉ። ሐኪሙ ጨረር የሚለይ መሣሪያ ብሽሽቷ ላይ ሲያዞር መሣሪያው ድምፅ ያሰማል። የጮኸበትን በትንሹ ቀዶ፣ ሰማያዊ የሆነውን ያወጣል። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ከሰውነት የወጣ ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ ያቺን ንፍፊት በስሱ በስሱ ቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ያያል።

በኔዘርላንድስ፣ ከግሮኒንገን ከተማ የተነሱ ሐኪሞች ይህን በብዙ አገር ሆስፒታሎች ለመፈተን ግሮይንስ-ቪ የሚባል ጥናት ጀመሩ። (ስሙ ሲነበብ በእንግሊዝኛ «ብሽሽቶች» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል።) በ2008 በወጣው ውጤት 403 ሴቶች ነበሩበት፤ የሁሉም ዕጢ ከ4 ሴንቲሜትር በታች። ዕጢያቸው አንድ ብቻ ሆኖ ዘባቸው ንጹህ የተገኘው 259 ነበሩ። ሌላ ንፍፊት አልተነካባቸውም። ከእነዚህ ውስጥ ካንሰሩ ብሽሽት ላይ የተመለሰባቸው 6 ናቸው። ሁሉም ንፍፊት ከወጣላቸው ሴቶች ከ100 25ቱ እግራቸው ሲያብጥ፣ ዘቡ ብቻ ከወጣላቸው ግን 2 ገደማ ብቻ ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ሕክምና ለማነጻጸር ዕጣ ወጥቶ ሴቶቹ ለሁለት አልተከፈሉም። ያ በጣም ብዙ ሰው ይፈልጋል፤ በሽታው ደግሞ ብርቅ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው በሌላ መንገድ ገባ፦ ካንሰሩ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ከተመለሰ ጥናቱ ይቁም የሚል ደንብ አስቀድሞ ተጻፈ።

ይህ ደንብ ጥርስ እንዳለው የታየው በሁለተኛው የግሮይንስ-ቪ ጥናት ነው። ጥያቄው «ዘቡ ውስጥ ካንሰር ከተገኘስ?» የሚል ነበር። ሌሎቹን ንፍፊቶች በቀዶ ከማውጣት ይልቅ የጨረር ሕክምና ብቻ ተሰጠ። በ2010፣ ዘባቸው ካንሰር ያለበት 91 ሴቶች ሲደርሱ ደንቡ ደወለ። 10 ሴቶች ብሽሽታቸው ላይ ብቻ ካንሰሩ ተመልሶባቸዋል። ሲጣራ፣ ከ10ሩ በ9ኙ ዘብ ውስጥ የነበረው ካንሰር ከ2 ሚሊሜትር የበለጠ ወይም ከንፍፊቱ ሽፋን አልፎ የወጣ ነበር። የጥናቱ አሠራር ወዲያው ተለወጠ። ከ2 ሚሊሜትር የበለጠ የተገኘባቸው ወደ ቀድሞው ቀዶ ጥገና ተመለሱ፤ ትንሽ የተገኘባቸው በጨረሩ ቀጠሉ።

እኔ ከጥናቱ ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ብዙ ሰው ጥናት ቆመ ሲባል ከሸፈ ይላል። እዚህ ግን መቆሙ ራሱ የ2 ሚሊሜትሯን መስመር አስገኘ። በ2021 ሙሉ ውጤቱ ሲወጣ፣ ከመስመሩ በታች ሆነው ጨረር ከወሰዱት 126 ሴቶች በሁለት ዓመት ውስጥ ብሽሽት ላይ የተመለሰባቸው ከ100 2 እንኳ አይሞሉም። ከመስመሩ በላይ ሆነው ጨረር ከወሰዱት ግን ከ100 22ቱ ተመልሶባቸዋል፤ በቀዶ ከወጣላቸው ደግሞ 7 ገደማ።

ስለዚህ ከ2 ሚሊሜትር በላይ ለተገኘባት ሴት እስካሁን ቢላው አልቀረላትም። የጨረሩን መጠን ከፍ አድርጎ ሲስፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት ብንጨምርበትስ? ሦስተኛው ግሮይንስ-ቪ የተነሳው ለዚህ ጥያቄ ነው።