የታሪክ አወቃቀር በአማርኛ ሚዲያ፦ ከተረት እስከ ሞባይል ጌም

የታሪክ አወቃቀር ስንል አንድ ታሪክ ከየት ይነሳል፣ የቱ ጋ ይቆረጣል፣ እንዴት ያልቃል የሚለውን ነው። ታሪክን መነሻ፣ መሃልና መጨረሻ ብሎ ስለሚከፍለው የሆሊውድ ባለ ሦስት ክፍል ድርሰት የሚያወራ ሰው ሞልቷል፣ የራሳችን አካሄድ ግን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ስለማይገኝ ያለውን እዚህ ለማስቀመጥ ነው። አንድ ነገር በደንብ ይታያል፦ ታሪኩን የሚቀርጸው ደራሲው ብቻ አይደለም፣ የሚተላለፍበት መንገድም ነው፣ አማርኛ ውስጥ ደግሞ ያ መንገድ ለረጅም ዘመን ጆሮ ነበር።

ተረት በር አለው። ተራኪው "ተረት ተረት" ሲል አድማጭ "የላም በረት" ካላለ አይጀመርም፣ ሲያልቅም "ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ" ተብሎ ይዘጋል። መሃሉ ላይ ያለው አሠራር ደግሞ በጣም የረቀቀ ነው። የአንበሳውን ፂም ተረት እንውሰድ። የእንጀራ ልጇ አልቀርባት ያለ ሴት አዋቂ ጋ ትሄዳለች፣ እሱም መድኃኒት እንድሠራልሽ ከአንበሳ ፂም ላይ ፀጉር አምጪ ይላታል። ስጋ ይዛ ትሄዳለች፣ መጀመሪያ ከሩቅ ጥላለት ትመለሳለች፣ በነጋታው ትንሽ ጠጋ ትላለች፣ ደግሞ ጠጋ፣ በመጨረሻ አጠገቡ ሆና እየበላ ሳለ ነቅላ ታመጣለች። አዋቂው ፀጉሩን ተቀብሎ ምንም አይሠራበትም፣ አንበሳውን እንዳለመድሽው ልጁንም እንደዛው አልምጂው ነው የሚላት። ያው አንድ ድርጊት እየተደጋገመ አደጋው በየደረጃው ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የተደረገው ሁሉ ልምምድ እንደነበር ይገለጣል። ጌም ሠሪዎች ዛሬ በሌቨል ከፋፍለው የሚሠሩት ይሄንኑ ነው።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያም የተሠራው በእንስሳት ተረቶች ላይ ነው።

ከዛ ሬዲዮ መጣ፣ የአማርኛ ትረካ ከማንም በላይ ውለታ ያለበት ለሬዲዮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ ቢሆንም ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ጋ የደረሰው በብሔራዊ ቴአትሩ ተዋናይ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። የመጽሐፉ አወቃቀር ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለው። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ከመጀመሩ በፊት የበዛብህ ወላጆች የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ሕይወት በሰፊው ይተረካል፣ እናትየው ልጇን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችበት ስለት ደግሞ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ይከተለዋል። ባለ ሦስት ክፍሉን ሕግ የሚከተል ኤዲተር ቢሆን ያን መግቢያ ቆርጦ ይጥለው ነበር፣ አድማጭ ግን የሰውየውን ዘር ሳያውቅ ሰውየውን አያምነውም። ትረካው ልብ እየተንጠለጠለ ሲቆም እስከሚቀጥለው ፕሮግራም ሰዉ እየተከራከረበት ይቆያል፣ እንግዲህ ያ መቆራረጥ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ሬዲዮ የጨመረው ነው።

በደንብ ተመዝግቦ የተቀመጠው ምሳሌ የቀን ቅኝት ነው። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈ ተከታታይ ድራማ ሲሆን 257 ክፍል ነበረው፣ ያዘጋጀው ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በድራማ የሚያስተምረው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ነው፣ ይኸው ድርጅት በኦሮምኛ ዲምቢባ የሚል ሌላ ድራማም ነበረው። አወቃቀሩ ከሜክሲኮ የመጣ ነው። ሚጌል ሳቢዶ የሚባል የቴአትርና የቴሌቪዥን ባለሙያ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በፔሩ የተጀመረ አንድ ድራማ ላይ ማሪያ የምትባል የቤት ሠራተኛ ስፌት ተምራ ራሷን ስትችል ያዩ ሴቶች በየአገሩ የስፌት መኪና ገበያው እንዲደራ እንዳደረጉ አይቶ ነገሩን ወደ ዘዴ ቀየረው። ዘዴው ሦስት ዓይነት ገፀ ባህሪ ይፈልጋል፦ ከመጀመሪያው በጎ የሆነ፣ መጥፎ የሆነ፣ እና መሃል ላይ የሚዋልል። አድማጩ ራሱን የሚያየው በሚዋልለው ላይ ነው፣ ስለዚ ያ ሰው ቶሎ መለወጥ የለበትም፣ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሳሳታል፣ ይሄ ደግሞ በሁለት ሰዓት ፊልም አይሆንም፣ ለዚህ ነው ክፍሉ 257 የደረሰው።

የቀን ቅኝት ውስጥ ፍቅርተ የምትባለውን ሴት የሰማ ሰው አይረሳትም። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ማስታወቂያ ሲነገረው ሬዲዮውን የሚያጠፋ ሰው የፍቅርተን ትዳር ለመስማት ግን ይቀመጣል። ለፕሮግራሙ ከአድማጭ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ደርሷል፣ ድርጅቱ ባስጠናው ጥናትም ጤና ጣቢያ የሚሄደው ሰው መጨመሩ ተገልጿል፣ በዛው ሰሞን ሌሎች የኤችአይቪ ዘመቻዎችም ስለነበሩ ምን ያህሉ የድራማው ሥራ ነው የሚለው ሊያከራክር ይችላል። የደብዳቤው ብዛት ግን አያከራክርም፣ ሰው ለማያውቀው ሰው ደብዳቤ አይጽፍም።

ቴሌቪዥን ላይም "ሰው ለሰው"ን የመሰሉ ድራማዎች በተከታታይ ክፍል ቀርበዋል። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሲጀምር የቱርክ ድራማ የአማርኛ ድምፅ ተደርቦበት ገባ። ቱርክ አገር አንድ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ግን አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ እየሆነ ስለሚቆራረጥ ደራሲው ያላሰበው ቦታ ላይ "ይቀጥላል" ይመጣል። የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች በጊዜው ሥራችንን ይገድላል ብለው አጥብቀው ተቃውመዋል፣ ተመልካቹ ደግሞ ማየቱን አላቆመም።

ፊልም ላይ ሌሎችም ቢኖሩ አወቃቀርን በተመለከተ ቀድሞ መጠራት ያለበት ኃይሌ ገሪማ ነው። ጎንደር ተወልዶ ቴአትር ይጽፍና ያሳይ በነበረ አባት እጅ ያደገ ሰው ነው፣ ዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ለብዙ ዓመት አስተምሯል። ጤዛ የሚባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ፊልም ድርሰት ሽልማት ወስዷል፣ ማለትም ለድርሰቱም ጭምር የተሸለመ ሥራ ነው። አንበርብር የሚባለው ምሁር በደርግ መጨረሻ አካባቢ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተሰባብሮ ወደ ገጠር እናቱ ጋ ይመለሳል፣ ጀርመንና አዲስ አበባ የሆነው ነገር ለተመልካች የሚደርሰው ለእሱ በሚታወሰው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ግን ታሪኩ በቀጥታ ከወጣትነቱ ቢጀምር እኛ ከእሱ በላይ እናውቅ ነበር፣ አሁን ግን ከእሱ እኩል ነው የምንፈልገው።

ጌም ገና ነው። ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል፣ ገበጣ ገፀ ባህሪ የለውም፣ ታሪኩ ጠጠሩ የት ደረሰ ብቻ ነው። የዚሁ ድርጅት ኩኩሉ ደግሞ ከገበሬ እጅ የምታመልጥ ዶሮን የሚያስሮጥ ነው። የሩጫ ጌም ስለሆነ መቋጫ የለውም፣ የሚያልቀው ስትያዝ ነው። የውጭ ሰው ዶሮዋ ለምን እንደምትሮጥ ማስረዳት ያስፈልገው ይሆናል፣ የፋሲካ ዋዜማን የሚያውቅ ልጅ ግን መግቢያ ቪዲዮ ሳያይ ስልኩን ተቀብሎ ወዲያው ያስሮጣታል።