ኩላሊት ሲደክም የጋራ የሕክምና ውሳኔ ምንድን ነው?

«እናንተ ታውቃላችሁ።»

ጎንደር ውስጥ ይህን መልስ ያልሰማ ሐኪም ያለ አይመስለኝም። ሐኪሙ ኩላሊቱ እንደደከመ ያስረዳል፣ እጥበት የሚባል፣ በኩላሊቱ ፈንታ ደምን የሚያጣራ ሕክምና እንዳለ ይናገራል። ታማሚው ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ልጁን ያያል። ከዚያ «እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል። ልጁም ራሱን ይነቀንቃል። ንግግሩ እዚያው ያልቃል።

መልሱ ጨዋነት ነው፣ ክፋት የለውም። ግን ሐኪሙ የማያውቀው ብዙ ነገር አለ። ሰውየው የሚመጣው ከቅርቡ ከአዘዞ ነው ወይስ ከሩቁ ከደባርቅ? በሳምንት ሦስት ቀን ማን ያመላልሰዋል? አጭዶ የሚያስገባው ማን ነው? ከሁሉ በላይ የሚፈራው ሞትን ነው ወይስ ለልጆቹ ሸክም መሆንን? ይህን የሚያውቀው ታማሚው ራሱ ነው።

የጋራ የሕክምና ውሳኔ የሚባለው እነዚህ ሁለት እውቀቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀርቡ ነው። ሐኪሙ ስለ በሽታው፣ ስላሉት አማራጮችና ስለ እያንዳንዱ ጥቅምና ጉዳት ይናገራል። ታማሚው ስለ ኑሮው፣ ስለ አቅሙ፣ ስለ እምነቱና ስለሚፈልገው ይናገራል። ከዚያ አብረው ይወስናሉ። ሐሳቡ በሰፊው መነገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ኮሚሽን ስለ ሕክምና ውሳኔዎች ካወጣው ሪፖርት በኋላ ነው። የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ እጥበትን ስለ መጀመርና ስለ ማቆም የሚናገር መመሪያውን በዚሁ ሐሳብ ላይ አቁሞ እ.ኤ.አ. በ2000 አወጣው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አሻሻለው።

ኩላሊት ላይ ነገሩ ለምን ከሌላው በሽታ ይበልጥ ይከብዳል? ለወባ መድኃኒቱ ይታወቃል፣ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም። የደከመ ኩላሊት ግን አንድ መልስ የለውም። የማጣራት አቅሙ በደም ምርመራ ከሚታየው ክሬቲኒን (ኩላሊት ሊያስወግደው ከሚገባ ቆሻሻ) ተሰልቶ በቁጥር ይነገራል። ከ30 በታች ሲወርድ አራተኛ ደረጃ ይባላል፣ ከ15 በታች ሲወርድ አምስተኛ። ቁጥሩ ብቻውን ግን «ነገ እጥበት ጀምር» አይልም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ እጥበትን በቁጥር ብቻ ቀድሞ መጀመር ዕድሜን እንዳላራዘመ አሳይቷል። ሐኪሞች በክትትል የሚጠብቁት ምልክቱን ነው፤ ማቅለሽለሽ፣ የማይለቅ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ በደም ውስጥ የፖታሲየም (ሲበዛ ልብን የሚያውክ ማዕድን) መጨመር።

አማራጮቹ እነሆ። በማሽን የሚደረገው እጥበት አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን ነው፣ በእያንዳንዱ ቀን አራት ሰዓት ያህል። በሆድ በኩል የሚደረግ እጥበትም አለ፤ በአገራችን ግን አልተስፋፋም። ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ይፈልጋል፣ ከጎንደር ወደ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ይፈልጋል፣ ከዚያም ዕድሜ ልክ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። አራተኛው ያለ እጥበት የሚደረግ ክብካቤ ነው። ስለ እሱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «መተው» ይመስለዋል።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንይ፤ ክንድን። ለማሽን እጥበት የተሻለው መንገድ ፊስቱላ ነው (ከወሊድ ፊስቱላ ጋር አይገናኝም)። በትንሽ ቀዶ ጥገና ደም ቅዳና ደም መልስ ክንድ ላይ ይገናኛሉ። ደም መልሱ ወፍሮና ጠንክሮ ለመርፌ እስኪደርስ ሳምንታት ያልፋሉ፣ አንዳንዴም ወራት። ካልተዘጋጀ ታማሚው አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ይመጣና አንገቱ ላይ የእጥበት ቱቦ ይገባለታል። ቱቦው ሕይወት ያድናል፣ ግን በቀላሉ ይመረቅዛል። ስለዚህ «ቀስ ብለን እናወራበታለን» ማለትም ውሳኔ ነው፣ ያውም ሳያስቡት የሚወሰን።

ፊስቱላው የትኛው ክንድ ላይ ይሠራ? ደንቡ ብዙ የማይሠራበት እጅ ላይ ይሁን ነው። ታዲያ ሰውየው ሸማኔ ከሆነስ? መወርወሪያውን በሁለቱም እጁ ነው የሚቀባበለው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴትስ ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ ናት፤ የትኛው ክንዷ ይሻላታል? ሐኪሙ ካልጠየቀ አያውቅም፣ እሷም «ይህ ለምን ያስፈልገዋል» ብላ አትናገርም። ፊስቱላ ይሠራበታል የተባለ ክንድ ደግሞ ደም ባይቀዳበት፣ ግሉኮስም ባይሰካበት ነው የሚመረጠው። ይህን አስቀድሞ የተነገረው ታማሚ ነርሷን «በዚያኛው እጅ አድርጊልኝ እህቴ» ይላታል። ያልተነገረው ዝም ብሎ ይዘረጋል።

ሌላው በጎንደር ሊታለፍ የማይችለው ጠበል ነው። ከተማዋ በአብያተ ክርስቲያናት የተከበበች ናት። ታማሚዎች ጠበል ቦታ ሰንብተው ይመለሳሉ፣ ይጠመቃሉ፣ ይጠጣሉም። ሽንቱ የቀነሰ ሰው ብዙ ፈሳሽ ከጠጣ ግን ውኃው መውጫ ያጣና ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። ሐኪሙ ቢቆጣ ምን ይሆናል? ታማሚው ጠበሉን አይተውም፣ ለሐኪሙ መናገሩን ይተዋል። ረጋ ብሎ የጠየቀ ሐኪም ግን መሐል መንገድ ያገኛል። መጠመቁ ይቀጥላል፣ የሚጠጣው በትንሽ ስኒ ይሆናል፣ የንስሐ አባትም ይማከራሉ። አብዛኞቹ አባቶች እኮ ከሐኪም ጋር አይጣሉም፤ የሚጠይቃቸው ነው የጠፋው። ረመዳን ለሚጾም የከተማዋ የአዲስ ዓለም ሰፈር ነዋሪም እንዲሁ ነው። የመድኃኒቱ ሰዓት፣ የፈሳሹ መጠን፣ በተምርና በሙዝ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ከጾሙ በፊት ሊወራባቸው ይገባል።

ቤተሰብስ? እኛ ጋ በሽታ የአንድ ሰው አይደለም። ልጆች ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዝ አድርገው «ለአባባ እንዳትነግርብን፣ ይደነግጣል» ይላሉ። ከፍቅር ነው። ግን አባባ ሳይሰሙ በሬው ይሸጣል፣ ከእድር ይበደራሉ፣ ቤቱ ይጎዳል። ቢጠየቁ ኖሮ ምናልባት «በሬዬን አትንኩብኝ» ይሉ ነበር። ምናልባትም «ሽጡት፣ የልጅ ልጄን ሠርግ ልይበት» ይሉ ነበር። ሁለቱም ትክክል ሊሆን ይችላል። የጋራ ውሳኔ ቤተሰብን አያስወጣም። መጀመሪያ ታማሚውን «ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይወስን?» ብሎ ይጠይቃል። «ልጄ ይወስንልኝ» ካሉ ይህም የእሳቸው ውሳኔ ነው።

ወደ አራተኛው አማራጭ እንመለስ። ከደምቢያ የመጡ የ80 ዓመት አባት እንበል፤ ልባቸው ደክሟል፣ ስኳር አለባቸው፣ ሰው ደግፏቸው ነው የሚራመዱት። እንዲህ ላለ ሰው እጥበት የሚጨምረው ዕድሜ ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ያም ቀን አብዛኛው በመንገድና በማሽን አጠገብ ያልቃል። ያለ እጥበት የሚደረግ ክብካቤ ለእብጠቱ፣ ለደም ማነሱ፣ ለማሳከኩ፣ ለትንፋሹ፣ ለሕመሙ መድኃኒት ይሰጣል፤ ቀጠሮም አለው። ኩላሊቱን አያድንም፣ ይህ በግልጽ መነገር አለበት። የ35 ዓመት መምህር ከሆነ ደግሞ ወሬው ሌላ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ስለ ንቅለ ተከላና ስለሚሰጥ ዘመድ መነሳት አለበት።

መወሰን ያቃታቸው ሰዎች ለተወሰነ ጊዜ ሞክሮ ማየት ይችላሉ። «ለሁለት ወር እንጀምር፣ ከዚያ ቁጭ ብለን እንየው» ይባላል። የአሜሪካኖቹ መመሪያም ይህን ይመክራል። የሚታየው ነገር ግን ቀድሞ ይነገር፤ ምግብ በላ ወይ፣ ከቤት ወጣ ወይ፣ እሱ ራሱ ምን ይላል።

ሐኪሞችን ወክዬ አንድ ነገር ልበል። የጋራ ውሳኔ ማለት አማራጮቹን ደርድሮ «ምረጥ» ማለት አይደለም። ይህ ሸክም ማራገፍ ነው። ታማሚው «አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን?» ሲል ሐኪሙ ምክሩን ከነምክንያቱ መስጠት አለበት። የስምምነት ወረቀት ላይ ማስፈረምም የጋራ ውሳኔ አይደለም፣ ፊርማ ነው። ወረፋው ረጅም ነው፣ እውነት ነው። ግን ንግግሩ በአንድ ቀን ማለቅ የለበትም፤ ነርስም ግማሹን ልትሠራው ትችላለች። መጨረሻ ላይ «እስቲ ቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ እንዴት ይነግሯታል?» ብሎ መጠየቅ ምን እንደገባቸውና ምን እንዳልገባቸው ወዲያው ያሳያል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚሄድ ሰው እነዚህን ጽፎ ይያዝ። ቁጥሬ አሁን ስንት ነው፣ ባለፈው ስንት ነበር? እጥበት ብጀምር ሳምንቴ ምን ይመስላል፣ ባልጀምርስ? የጤና መድን ደብተሬ የቱን ይሸፍናል? ፊስቱላ የሚሠራልኝ መቼና የት ነው? ለወገቤ የምወስደው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቅር ወይ? (ይቅር ነው የሚሏችሁ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ።) የሀበሻ መድኃኒት ከወሰዳችሁም ሳትፈሩ ተናገሩ። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ የሚሰማ ዘመድ ይዛችሁ ግቡ፤ ሁለት ጆሮ የሳተውን አራት ጆሮ ይይዘዋል።