ቁጥሩን ተዉት፣ ሜትር ያዙ፦ ስለ ፉል ሰስፔንሽን ፍሬም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስንት ቁጥር ነው?»

ስታዲየም አካባቢ ያለው ጋራዤ በር ላይ ቆሞ ብስክሌት የሚያይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይሄንን ነው። አንዱ ቁጥር ሲል ጎማውን ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ ኮርቻው የሚገባበት ቱቦ ላይ የተለጠፈችውን ቁጥር። ሁለቱም የፍሬሙን ልክ አይናገሩም። ይሄን ስናገር ዓመታት አለፉ፤ ዛሬም ልኩ ያልሆነ ፍሬም ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አላጣሁም።

የሚያናድደኝ ገንዘቡ ነው። ፉል ሰስፔንሽን፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር ያለው ፍሬም፣ ዋጋው ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። አንዴ ከመጣ መመለሻ የለውም። ስለዚህ በየቀኑ የምሰማውን አንድ በአንድ ልመልስ።

«29 ለረዥም ሰው ነው፤ አጭር ከሆንክ 26 ይሻልሃል»

አይደለም። 26፣ 27.5 እና 29 የጎማ ዲያሜትር በኢንች ናቸው። አንዱ ሞዴል በ29 ጎማ ከስሞል እስከ ኤክስትራ ላርጅ ይሠራል። አንዳንድ ፋብሪካ በጣም ትንሹ ልክ ላይ 27.5 ያደርጋል፤ ምክንያቱም አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻ ሲወርድ የኋላ ጎማው ከኮርቻው ጋር እንዳይጋጭ ነው። በቃ ይሄው ነው።

«ተቀምጠህ እግርህ መሬት ካልረገጠ ትልቅ ነው»

ይሄ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት ስንከራይ የለመድነው ነው። ተራራ ላይ ግን ጉልበት ይጨርሳል። ፉል ሰስፔንሽን ላይ ፔዳሎቹ የሚዞሩበት መሀል፣ ቦተም ብራኬት የምንለው፣ ሰው ሳይቀመጥበት ከመሬት ወደ 34 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ሰው ሲቀመጥ አሞርዛተሩ ስለሚሰምጥ ነው ያን ያህል ከፍ የተደረገው። ኮርቻው ለእግራችሁ ልክ ከሆነ፣ እግራችሁ መሬት አይደርስም። መድረስም የለበትም።

ትክክለኛው ከፍታ እንዲህ ይገኛል። ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉና ወደ ታች አውርዱት። እግራችሁ ቀጥ ካለ ኮርቻው ልክ ነው። ቀይ መብራት ላይ ከኮርቻው ወደ ፊት ወርዳችሁ ቁሙ፤ ወይም ድሮፐር፣ ማለትም በቁልፍ ከፍ ዝቅ የሚል የኮርቻ ዘንግ፣ ካለው ቁልፉን ተጫኑና ኮርቻውን አውርዱት። «ጉልበቴን ያመኛል» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ ሲኖር መጀመሪያ የማየው ኮርቻውን ነው። ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር መፈለግ አያስፈልገኝም።

«የድሮው 19 ነበር፣ አዲሱንም 19 ፈልግልኝ»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ነው።

በፊት የፍሬም ልክ የሚነገረው በኮርቻው ቱቦ ርዝመት ነበር። 17፣ 19፣ 21 ኢንች ይባላል። ያኔ ያስኬድ ነበር፤ ቱቦው ሲረዝም ፍሬሙም አብሮ ይረዝም ነበርና። አሁን ግን ፋብሪካዎቹ ያንን ቱቦ ሆን ብለው አሳጥረውታል። ምክንያቱ ድሮፐር ነው። ቁልቁለት ላይ ኮርቻው 15፣ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች እንዲሰምጥ ከተፈለገ ቱቦው አጭር መሆን አለበት። ስለዚህ ቱቦው አጠረ፣ የፍሬሙ ፊት ደግሞ ረዘመ። ሁለቱ ተለያዩ። ስፔሻላይዝድ የተባለው ፋብሪካ ሰው በእግሩ ቁመት መምረጡን እንዲተው ብሎ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ ስሞል፣ ሚዲየም ማለቱን ትቶ ኤስ2፣ ኤስ3፣ ኤስ4 እያለ መጥራት ጀምሯል።

አንድ ልጅ ነበር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75። ለዓመታት የነዳው ፍሬም 19 ነበር፣ ልኩም ነበር። እህቱ ከውጭ ስትመጣ ዘመናዊ ፉል ፍሬም እንድታመጣለት ለመናት። «19 ይሁን ብቻ» አላት። እሷም ፈልጋ የኮርቻ ቱቦው 19 ኢንች፣ ማለትም 48 ሴንቲ ሜትር የሆነውን አገኘች። ዛሬ 48 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኤክስትራ ላርጅ ነው።

ገጣጠምኩለት። ድሮፐሩ ቱቦው ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ፣ ኮርቻው አሁንም ከፍ ብሎበታል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ በእግሩ ጣት ጫፍ ነው የሚነካው። መሪውን ሲይዝ ክርኑ ቀጥ ብሎ ይቀራል። «ጋሼ፣ ቁጥሩን እኮ አረጋግጬ ነው ያስመጣሁት» አለኝ። ልክ ነው፣ አረጋግጧል። ያረጋገጠው የማይጠቅመውን ቁጥር ነው። ለሱ ቁመት በብዙ ፋብሪካ የሚሆነው የኮርቻ ቱቦው ከ42 እስከ 43 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በድሮው አቆጣጠር 17 የሚባለው ነበር። «17» ብለው ግን የልጅ ነው ብሎ ይተወዋል።

ታዲያ ምን ይለካ?

ሪች የሚባለው ይለካ። ሪች ማለት ከቦተም ብራኬቱ መሀል ተነስቶ የመሪው ቱቦ አናት መሀል ድረስ ያለው አግድም ርቀት ነው። ፔዳል ላይ ቆማችሁ ስትነዱ እጃችሁ ምን ያህል እንደሚዘረጋ የሚወስነው ይሄ ነው። ፋብሪካው በሚያወጣው ሰንጠረዥ ላይ አለ። ሰንጠረዥ ከሌለ፣ ወይም ብስክሌቱ ያገለገለ ከሆነ፣ አንድ ሜትር እና አንድ ግድግዳ ይበቃል።

ብስክሌቱን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙት። የኋላ ጎማው ግድግዳውን ይንካ። ሰው ቀጥ አድርጎ ይያዝላችሁ። ከግድግዳው እስከ ቦተም ብራኬቱ መሀል ለኩና ጻፉ። ከዚያ ከግድግዳው እስከ መሪው ቱቦ አናት መሀል ለኩ። ሜትሩ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን፤ ወደ ላይ ካዘነበለ ልኩ ይበላሻል። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሱ። የቀረው ሪቹ ነው። ሻጩ ቢያጉረመርም አትስሙት። ሜትር ሲያይ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ለመነሻ ያህል፣ ቁመቱ ከ1.70 እስከ 1.78 ለሆነ ሰው ዘመናዊ ፉል ላይ ከ440 እስከ 470 ሚሊ ሜትር ሪች ብዙ ጊዜ ይሆናል። በሁለት ልክ መሀል የምትወድቁ ከሆነ፣ ጠመዝማዛ መንገድ የሚወድ ትንሹን ይውሰድ፣ ፈጥኖ ቁልቁል የሚወርድ ትልቁን። እጁ ከቁመቱ አንጻር አጭር የሆነ ሰው ወደ ትንሹ ያድላ።

«475? ኧረ ረዝሞብኛል፣ አንድ ልክ ልውረድ»

ሪች የሚለውን የተማሩት ደግሞ በዚህ ይሳሳታሉ። የድሮ ፍሬማቸውን ይለኩና 420 ያገኛሉ። አዲሱ 475 ሲሆን ይደነግጣሉ። አንድ ነገር ረስተዋል። የኮርቻው ቱቦም ቀጥ ብሏል። ድሮ 73 ዲግሪ ገደማ ነበር፤ አሁን 76፣ 77፣ አንዳንዴም 78 ነው። ኮርቻው ወደ ፊት መጥቷል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ የድሮ ፍሬም ሪቹ 420፣ የፊት ከፍታው (ከቦተም ብራኬቱ መሀል እስከ መሪው ቱቦ አናት ያለው ቁመት) 600 ሚሊ ሜትር፣ የኮርቻው ማዕዘን 73 ነው እንበል። ተቀምጠን ከኮርቻ እስከ መሪው ቱቦ ያለው ርቀት 603 ይሆናል። አዲሱ ሪቹ 475፣ ከፍታው 625፣ ማዕዘኑ 77 ነው። ርቀቱ 619። ሪቹ በ55 አድጎ፣ ተቀምጠን የሚሰማን በ16 ብቻ ነው ያደገው። ገና አላለቀም። መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ስቴም ድሮ 90 እና 100 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አሁን ከ35 እስከ 50 ነው። ሁለቱን ስትደምሩ አዲሱ ተቀምጦ ለሚነዳ ሰው እንዲያውም ይቀርባል። ልክ ወርዶ የገዛ ሰው ዳገት ላይ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጭበታል።

ረዥም ፍሬም በአጭር ስቴም አዲስ ሐሳብ አይደለም። የተራራ ብስክሌት ሠሪው ጌሪ ፊሸር በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዚህ መንገድ ጀምሮት ነበር። ሞንድሬከር የተባለው ፋብሪካ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎቹ ስቴሙን እስከ 30 እና 10 ሚሊ ሜትር አሳጥሮ ሲያመጣ ብዙ ሰው ግራ ገባው። ዛሬ ሁሉም ተከትሎታል፤ እስከ 10 የሄደ ግን ብዙ የለም።

አጭር ፍሬም ላይ ረዥም ስቴም ጨምሮ «አስረዘምኩት» ማለትም አይሠራም። ክብደታችሁ ፊት ጎማ ላይ ይወድቃል፣ መሪውም ይዘገያል። ከእንጦጦ ስትወርዱ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ።

«ፊቱ የተኛ ፍሬም ለቁልቁለት ብቻ ነው»

የፊት ሹካው ማዕዘን ከ71 ወደ 65 አካባቢ የወረደው ፊት ጎማው ከፊታችን ራቅ ብሎ ድንጋይ ሲመታ እንዳይገለብጠን ነው። ዳገት ላይ ፊቱ እንዳይነሳ የሚያደርገው ደግሞ ያ ቀጥ ያለው የኮርቻ ማዕዘን ነው። ሁለቱ አብረው ነው የተቀየሩት። አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ ልክ አይደለም።

«ፉል ዳገት አይወጣም፤ ጉልበት ይበላል»

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እውነት ነበር። ፔዳል በተመታ ቁጥር የኋላው ይሰምጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኋላው ክንድ የሚንቀሳቀስባቸው መገጣጠሚያዎች ቦታ ተጠንቶ ተቀይሯል። አሁን ካቴናው ሲወጠር ራሱ መስመጡን ይቃወመዋል። አሞርዛተሩም ለዳገት የሚያጠነክረው ማንሻ አለው። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ አስፋልቱን ስትወጡ አጠንክሩት። እላይ ድንጋዩና የባሕር ዛፍ ሥሩ ሲጀምር ልቀቁት። የኋላ ጎማው መሬቱን የሚይዘው ያኔ ነው። ከኋላ አሞርዛተር ከሌለው ብስክሌት ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ መክበዱ አልጠፋኝም። ያ ክብደት ድንጋይ ላይ ዋጋውን ይመልሳል።

እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ግማሹ ግን ሳጉን አስተካክሎ አያውቅም። ሳግ ማለት ትጥቃችሁን ለብሳችሁ ስትቀመጡ አሞርዛተሩ የሚሰምጠው መጠን ነው። የኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ ይስመጥ። አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት ወደ ላይ ግፏት፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሳትዘሉ ውረዱ፣ ቀለበቷ የት እንደቆመች ለኩ። ካነሰ አየር ቀንሱ፣ ከበዛ ጨምሩ።

«ከፍታ ላይ ስለሆንን የአየር አሞርዛተር አይሆነንም»

ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነን፤ የውጭው አየር ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል። ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ የተሞላ አሞርዛተር እዚህ ጌጅ ላይ 3 ወይም 4 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ይታያል። እዚሁ ሳጉን ካስተካከላችሁ አለቀ።

«ትራቭሉ በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ትራቭል ማለት አሞርዛተሩ ሲሰምጥ ጎማው የሚሄደው ርቀት ነው። ለእንጦጦ ከ120 እስከ 140 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 200 የሚወርድ ብስክሌት ገዝቶ በእግሩ እየገፋ የሚወጣ አይቻለሁ።

«ለልጁ ትልቁን ግዛለት፣ ያድግበታል»

እስኪያድግ ድረስ ፍሬኑ ላይ ጣቱ አይደርስም። አትግዙለት።

«ሞላ ካለው ፉል ነው»

ርካሾቹ ላይ ከኋላ ያለው ሞላ ብቻ ነው፤ ውስጡ ዘይት የለም። በእጃችሁ ኮርቻውን ተጫኑና ልቀቁት። ወዲያው ተስፈንጥሮ ከተመለሰና ከተወዛወዘ አትውሰዱት። ለዚያ ገንዘብ ከኋላ አሞርዛተር የሌለው ጥሩ ብስክሌት ይገኛል።

«ቡሎኑ ከገባ ልኩ ነው»

ያገለገለ ፍሬም ገዝተው አሞርዛተር በተናጠል የሚፈልጉ ይሄን ይላሉ። የፊት ሹካ ላይም እንዲሁ። ፍሬሙ ለ130 ሚሊ ሜትር ትራቭል ተሠርቶ የ150 ሹካ ሲገባበት ፊቱ በ1 ዲግሪ ያህል ይተኛል፤ የኮርቻው ማዕዘንም አብሮ ይተኛል፤ ሪቹ ያጥራል። ያን ሁሉ የለካችሁትን በአንድ ቀን አበላሻችሁት ማለት ነው። በመሪው ቱቦ ብየዳ ላይ የሚመጣው ጫናም ይጨምራል። ፋብሪካው የፈቀደውን ከፍተኛ የሹካ ርዝመት አትለፉ።

የኋላው አሞርዛተር ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ከቡሎን ቀዳዳ እስከ ቡሎን ቀዳዳ ያለው ርዝመት ነው፤ ሁለተኛው ምቱ፣ የሚሰምጠው ርቀት። 210 በ50 እና 210 በ55 ቡሎናቸው አንድ ቦታ ይገባል። ግን ያቺ 5 ሚሊ ሜትር ኋላ ጎማ ላይ ስትደርስ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ጎማው የኮርቻ ቱቦውን እየመታ ቀለሙን ልጦ፣ ብረቱን መብላት የጀመረ ፍሬም መጥቶልኛል። ባለቤቱ ድምፁን ይሰማል፤ የመሰለው ግን ኩሽኔታ ነበር።

ስለዚህ አዲስ አሞርዛተር ስታስገቡ፣ ከመንዳታችሁ በፊት አየሩን በሙሉ አስወጡት። ኮርቻውን እስከ ታች አውርዱት። ፍሬሙን እስከ መጨረሻው ተጫኑ። በጎማውና በቱቦው መካከል፣ በጎማውና በኮርቻው መካከል ጣት መግባት አለበት። ካልገባ አሞርዛተሩን ፈታችሁ ለሻጩ መልሱ።